አያንቱ ትምህርት ቤት የገባች ቀን ላም ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ

ልጆቹ ካልነገርሽን ብለው ያዙኝ። ነገሩን ያመጣው ባለፈው እሑድ ነው። የልጄ ልጆች ሰሚራና ነቢል እንጦጦ ፓርክ ሲዝናኑ ውለው መጡና ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቅነው ፎቶ ያሳዩኝ ጀመር። እዚህ ጋ ፈረስ ላይ፣ እዚያ ጋ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው። እኔ በገመድ የሚንጠለጠል ሰው አልወድም፤ ዝም ብዬ "ማሻአላህ" እያልኩ አሳለፍኩ። አንዷ ፎቶ ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ቀረ።

"ይቺን ቦታ የማውቃት ይመስለኛል" አልኳቸው። "እዚህ ጋ ላም ጠፍታብኝ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ።"

"አንቺ? ላም?" ሰሚራ በሳቅ ፈረሰች። "እማማ፣ አንቺ የከተማ ሰው አይደለሽ እንዴ!"

የከተማ ሰው ነኝ። ችግሩም እሱ ነበር።

እንግዲህ እናንተም አንባቢዎች አብራችኋቸው ስሙ። ከመንገድ ወጣ እያልኩ ማውራት ልማዴ ነውና ታገሱኝ። ተማሪ ሆኜ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ታዲያ ይሄን ማን ጻፈልሽ የምትሉ እንደሆነ፣ እሱም እዚሁ ውስጥ አለ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባለቤቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከወጣ ሳምንት፣ አሥራ አምስት ቀን ሳይመለስ ይቆያል። እኔ ሲግናል አካባቢ በነበረችን የቀበሌ ቤት ሆኜ ወተት እነግድ ነበር። በየማለዳው ጣሳዬን ይዤ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጥግ እወጣለሁ፤ ከባለ ከብቶቹ ተቀብዬ ቁልቁል ወርጄ በየቤቱ አድላለሁ። የክርስቲያኖቹ ጾም ሲገባ ደንበኞቼ ግማሽ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ እኛ እስላሞቹ እንጠጣዋለን፤ የተረፈውን ባለ ከብቶቹ ይንጡታል። ይሄ አሁን ምን ያደርግላችኋል? ምንም። ብቻ ላይኛውን መንደር ቤት ለቤት አውቀው እንደነበር እንድትረዱልኝ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይሄንን ማወቄን አወቀ። የሴቶች ማህበር ስብሰባ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ስብሰባ፣ ልጆቼ፣ ሲጀመር ፀሐይ ነው፤ ሲያልቅ ጨለማ ነው። እኔ እንቅልፍ እየወሰደኝ እያለ "ከላይኛው መንደር ጋር የምትግባባ ማናት?" ተባለ። ስነቃ የሴቱ ሁሉ ጣት እኔ ላይ ነው።

"ጓዲት ዘይነባ" አለ ሊቀመንበሩ፣ "ከተራራው ሥር የተሠራው ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል። የባለ ከብቶቹን ልጆች ቀስቅሰሽ የምታመጪው አንቺ ነሽ።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ ራሴ አልተማርኩም።"

"ቀስቅሺ ነው የተባልሽው፤ አስተምሪ አልተባልሽም! የምዝገባው ደብዳቤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለልሽ።"

ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አለ። ክብ ማህተም ያለበትን አንዱን አንስቼ፣ አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

አራት ቀን ለመንኩ። አራት ቀን! ወተት የሚሰጡኝ፣ "ዘይነባ፣ ዘይነባ" እያሉ የሚያቆላምጡኝ ሰዎች፣ ወረቀት ይዤ ስመጣ ሌላ ሰው ሆኑብኝ። አንደኛዋ ልጆቿን ድርቆሽ ውስጥ ደብቃ "የሉም" ትለኛለች፤ ድርቆሹ ያስነጥሳል። ሌላዋ "ጊደሯ ትውለድና" አለችኝ። ጊደሯን አየኋት፤ ገና ኮርማ አላወቀችም። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ወረቀቱን ገልመጥ አድርጎ "ዛሬ ለትምህርት ይጻፋሉ፣ ነገ ለውትድርና ይጠራሉ" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። በእሱስ አልፈረድኩም። ዘመኑ ያስፈራ ነበር።

"ስንት ልጅ አለሽ?" ስል ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ "አለን፣ ተመስገን።" እዚያ ሰፈር ልጅም ከብትም አይቆጠርም። መቁጠር ዓይን ይጠራል ይላሉ። ሳይቆጥሩ መመዝገብ እንዴት ነው? እስኪ አስቡት!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድም ልጅ ሳልይዝ አባ ቶሎሳ ደጅ ደረስኩ። የመጨረሻው ቤት ነው። አባ ቶሎሳ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ነገር የሚወዱ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው በለጡ ከሁሉም ይልቅ ለእኔ ትቀርበኛለች። ልጃቸው አያንቱ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ያን ጊዜ የልደት ወረቀት የለም፤ ልጅ ለትምህርት ደረሰ የሚባለው እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጆሮውን ሲነካ ነው። አያንቱ ይሄንን ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ እኔ ገና ከአባቷ ጋር ሰላም ስባባል ከበስተኋላቸው ቆማ እጇን በአናቷ አሻግራ ጆሮዋን ይዛ ታየኛለች። ይዛ ብቻ ታየኛለች። አሁንም ድረስ ያቺ ጆሮ ትታየኛለች።

"ልጅቷን ልትወስጂ ነው የመጣሽው" አሉ አባ ቶሎሳ።

"ልትማርልዎት ነው እንጂ እኔ ምን አደርጋታለሁ?"

"እሷ ስትማር ከብቶቼን ማን ይጠብቅልኝ? የእናንተ ሊቀመንበር?"

ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ይሰማል። ሳቁ። አራት ቀን የጠጣሁት ንዴት እዚያች ጋ አናቴ ላይ ወጣ።

"እኔ እጠብቃለሁ!" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። የአባ ቶሎሳ ትከሻ መሳቅ ጀመረ።

"አንቺ?"

"እኔ! አምስት ላም መጠበቅ ምን ያቅታል?"

"ዝም በይ! ማን ቁጠሪ አለሽ?" ብለው ቆጡኝና፣ ቀጥለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ጥሩ። ሰኞ እኔ የገበሬ ማህበር ስብሰባ አለኝ፤ የምመለሰው ማታ ነው። አንቺ ከብቱን ስትጠብቂ ዋይ፤ ልጅቷ ትሂድ። ማታ ስመጣ ችካሉ ሁሉ ላም ካለበት ትማራለች። አንዲት ችካል ባዶ ካገኘሁ ግን፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ዳግመኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርሺ። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል።"

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። ወተቱን እንዲያድልልኝ ጎረቤቴን ለምኜ፣ ኮንጎ ጫማዬን አጥልቄ። አያንቱ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ በለጡ ከአሮጌ ነጠላ የሰፋችላትን ቦርሳ አንግታ ትጠብቀኛለች። ቦርሳው ውስጥ ምንም የለም። ግን አንግታዋለች።

የምትሄደው እሷ፣ የምትፈራው ስለ እኔ። ከብቶቹን በየተራ አሳየችኝ። ቡሬ፣ መጋል፣ ጉራቻ፣ ቦቄ… አራቱ ደህና ናቸው አለችኝ። አምስተኛዋን አመድማዋን ግን አንገቷን አቅፋ ቆመች።

"ዳለቻ ትሰርቃለች፣ እትዬ።"

"ምን ትሰርቃለች?"

"ራሷን ነዋ። ሳታዪያት ትሄዳለች። የምትመጣው እንዲህ ስትባል ነው" አለችና ከጉሮሮዋ ውስጥ አንድ ድምፅ አወጣች፤ እንደ ማጉረምረምም እንደ ዘፈንም የሚያደርገው። ላሚቱ ጆሮዋን አቆመች። እኔ ልሞክር ብዬ ከጉሮሮዬ ሳጉረመርም ዳለቻ ፊቷን አዞረችብኝ።

"እንግዲያ ጨው አሳዪያት" አለች አያንቱ ተስፋ ቆርጣ፣ እና ቁራሽ አሞሌ እጄ ላይ አስቀምጣ ቁልቁል ወረደች። ሦስቴ ዞራ አየችኝ። እኔን አይደለም፣ ከብቶቹን።

ወላሂ፣ ላም መጠበቅ ሥራ አይመስለኝም ነበር። ከሥር ሆኜ ሳይ ልጆች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ነው የማውቀው። ለካ የሚቀመጡት ስለሚያውቁበት ነው። እኔ አንዷን ስመልስ ሌላዋ ትሄዳለች፤ ጭቃው ያንሸራትተኛል፤ ኮንጎዬ ሁለቴ ተውጦ ቀርቶ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ሦስት ሰዓት ሳይሆን አምስቱም አዲስ የተተከለ የባሕር ዛፍ ችግኝ ውስጥ ገቡ።

ወዲያው የደን ጠባቂው ካፖርቱን እየጎተተ መጣ።

"ሴትዮ! ምን ነክቶሻል? ከብት ክልክል ነው! የመንግሥት ደን ነው!"

"ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን አወጣቸዋለሁ።"

"እወርሳቸዋለሁ! የማን ናቸው?"

ፈራሁ። ግን ወዲያው ወረቀቴ ትዝ አለኝ። መቀነቴን ፈትቼ አወጣሁና ዘረጋሁለት። "እኔ የመጣሁት በሥራ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ አለኝ።"

ተቀበለ። አየ። ገለበጠ። እንደገና አየ። እኔም ጠጋ ብዬ አብሬው አየሁ። ጣቱን በመጀመሪያው መስመር ላይ ቀስ አድርጎ ነዳው፤ እኔም ጣቱን በዓይኔ ተከተልኩ። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ።

"ማህተም አለው" አለ።

"አለው" አልኩ።

"እንደሱ ከሆነ ጥሩ። በደንብ ተጽፏል።"

"በጣም እንጂ።"

ሁለታችንም ፊደል አንለይም። ሁለታችንም አውቀናል። ወረቀቱን በክብር አጥፎ ሲመልስልኝ ዞር አልኩ። ቡሬ አለች። መጋል አለች። ጉራቻ፣ ቦቄ አሉ። ዳለቻ የለችም።

ያኔ የሮጥኩትን ሩጫ ዛሬ ባስበው ጉልበቴን ያመኛል። ሸንተረሩን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ጨዌን እንደ ለማኝ ዘርግቼ "ዳለቻ! ዳለቻ!" እላለሁ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የአያንቱን ጥሪ አስመሰልኩ። ጠባቂውም ጥፋቱ ቢሰማው ነው መሰል "አራቱን እኔ አያለሁ፣ አንቺ ፈልጊ" አለኝ። በመጨረሻ ያቺ ልጆቹ ፎቶ የተነሱባት የምትመስለኝ ቦታ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ የላሚቱ ነገር አይደለም። ሲመሽ ያንን ባዶ ችካል አባ ቶሎሳ ያዩታል፤ ያቺ ጆሮዋን ይዛ የቆመች ልጅ ባዶ ቦርሳዋን አውልቃ ነገ ከብት ኋላ ትመለሳለች። ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አፌ ነው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዳለቻ የምትመጣው በአያንቱ ድምፅ ነው። ትምህርት ቤቱ ቁልቁል የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልጅቷን አምጥቼ ላስጠራት! ተነስቼ ወረድኩ።

የትምህርት ቤቱ አጥር የእንጨት ርብራብ ነው። በመካከሉ አጮለቅሁ። የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ ልጆቹ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ አያንቱ በበሩ በኩል ዳር ላይ ናት። መምህሩ አንድ ነገር ይላል፣ እነሱ አንድ ላይ ይመልሱለታል። የእሷ አፍ ከሁሉም በላይ ተከፍቶ ነው የሚመልሰው። ልጆቼ፣ ያንን አፍ ብታዩት!

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ዞራ አየችኝ።

ፊቷ ተለወጠ። ከግንዱ ላይ ብድግ ሊል የፈለገ ሰውነቷ ይታየኛል። እኔ፣ ለአንዴ እንኳ በሕይወቴ ብልህ ልሁን ብዬ፣ ሳቅሁላት። እጄን አወዛወዝኩ። ሁሉም ሰላም ነው፣ ተቀመጪ አልኳት በምልክት። ሰላምታ ልሰጣት የመጣሁ መሰልኩ። ከዚያ ዞሬ ዓይኔን እየጠረግሁ ሽቅብ ወጣሁ። ቢያንስ ይቺን አንዲት ቀን ትማራት ብዬ ነው። ማታ የሚመጣውን ራሴ እቀበላለሁ።

እስከ አሥር ሰዓት ፈለግሁ። አጣሁ። አራቱን ከጠባቂው ተረክቤ፣ አባ ቶሎሳን ምን እንደምላቸው እየተለማመድኩ ወደ ግቢው ነዳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጥጃ ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ሰማሁ።

ዳለቻ ችካሏ ላይ ታስራለች። ጥጃዋን ትልሳለች።

"በለጡ!" ብዬ ጮህኩ። "መቼ መጣች?"

"ቀትር ላይ" አለች በለጡ። ጎንበስ ብላ ቅል ታጥባለች፤ ቀና አላለችም። "ብቻዋን ነው የመጣችው። ጥጃዋ ናፍቋት ይሆናል።"

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ እኔ ገደል ለገደል ስዞር ይቺ ወይዘሮ ቤቷ ገብታ ስታመነዥክ! ተነስቼ ልመታትም ከጅሎኝ ነበር፤ ልስማትም።

አያንቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ በስንጥር መሬቱ ላይ ትጭራለች። ሁለቱ ጉልበቶቿ ተልጠው ደም አርግቶባቸዋል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ወደቅሁ" አለች።

ሊመሽ ሲል አባ ቶሎሳ መጡ፤ ጎረቤቶቹም ውጤቱን ሊያዩ ተከትለዋል። ችካሎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ አልቆጠሩም፣ አዩ። ትከሻቸው ትንሽ ሳቀ።

"ታዲያ ነገም ትመጫለሽ?"

"ነገማ ቢገሉኝ አልመጣም!"

በለጡ ያን ጊዜ ቅሏን አስቀምጣ ተነሳች። "ለምን እሷ ትመጣለች? ከብቱን አንድ ላይ እናድርገውና የየቤቱ ትልልቅ ሰው በተራ ይጠብቀው። ዛሬ እኛ፣ ነገ እናንተ። ልጆቹ ይሂዱ።"

ጎረቤቶቹ ተያዩ። አንዱ "ይሆናል" አለ። ሌላው "ይሆናል" አለ። እንዲህ በቀላሉ! ደሜ ፈላ።

"አራት ቀን ሙሉ ስለምናችሁ ይሄንን ለምን አላሰባችሁትም?"

"አልጠየቅሽንማ" አለች በለጡ። "ላኩ፣ ላኩ ነው ያልሽን። ከብቱን ማን ይጠብቃል ብለሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽንም።"

በዚያ ሳምንት ድርቆሽ ውስጥ የሚያስነጥሱት ሳይቀሩ ከብዙዎቹ ቤቶች ልጅ ወረደ። እኔ ግን ቀስቃሽ ተብዬ ተመስግኜ ስብሰባ ላይ ሲጨበጨብልኝ አፍሬ ተቀመጥኩ፤ የቀሰቀሰቻቸው በለጡ ናት።

እናንተ ዛሬ ሰውን ልታስተምሩ፣ ልትመክሩ፣ "ግንዛቤ ልትሰጡ" የምትሄዱ ልጆች፣ እባካችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ሰው ልጁን የማይልከው ስለማይወደው አይደለም። ስለማይገባውም አይደለም። የቤቱን ሥራ የሚያውቀው እሱ ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚቸግረው ጠይቁት፤ ያኔ መፍትሔውን እሱው ይነግራችኋል። እኔ ይሄን ለማወቅ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ አጥፍቻለሁ።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ያ ከደን ጠባቂው ጋር ወረቀት እያየን ራስ የነቀነቅንበት ሰዓት አላስተኛኝ አለ። በሳምንቱ ቀበሌ ሄጄ መሠረተ ትምህርት ተመዘገብኩ። ፊደሉን ለይቼ ቃል መግጠም ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩት ያንን ደብዳቤ ነው፤ መቀነቴ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የምዝገባ ደብዳቤ አይደለም። ከስብሰባ የቀሩ አባላት ስም ዝርዝር ነው። ሦስተኛው ስም የእኔ ነው።

ለብዙ ዓመት ይሄንን ታሪክ ስናገር እንዲህ ብዬ ነበር የምጨርሰው፦ ያን ቀን አጥሩ ጋ አፌን በመዝጋቴ አያንቱን አስተማርኳት። እኮራበት ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አያንቱ ለቅሶ መጣች። ራሷ መምህርት ሆናለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሰው ሲቀል አጠገቤ ተቀምጣ ስናወራ፣ ያችን ሰኞ አነሳሁባትና እንደ ልማዴ ኮራሁ። ሳቀች፣ እንደ አባቷ በትከሻዋ ብቻ።

"እትዬ ዘይነባ" አለችኝ፣ "አንቺ ስትስቂልኝ እኮ ነው ዳለቻ መጥፋቷን ያወቅሁት። እረፍት ሲደወል አጥሩን ዘልዬ ሮጥኩ፤ ምንጩ ጋ ሆና አገኘኋት፤ ለእማዬ አስረክቤ ማንም እንዳይሰማ ለምኛት ተመለስኩ። ግን ክፍል ገብተው ነበር። መምህሩ ዘገየሽ ብሎ በሩ ላይ ጠጠር ላይ አንበረከከኝ፤ የዚያን ቀን ሀ ሁን ጨርሼ የያዝኩት እዚያው ተንበርክኬ፣ በክፍቱ በር እያየሁ ነው።"